ከአሰፋሽ ሱቅ ቀጥሎ

ኸይሩ የሲጋራውን ፓኬት ከመደርደሪያው አንስቶ ከሩዝ ጆንያው ኋላ ወሸቀው። ትንሽ ቆይቶ አወጣውና መልሶ ቦታው አደረገው። አሁንም ጎንበስ አለና በኮባ የተጠቀለለውን ጫት በእግሩ ገፍቶ ባንኮኒው ስር አስገባው።

"ዱፋ ጅሩ፣ እየመጡ ነው" አለው ጎሚስታው ከዲሮ ከመንገዱ ማዶ፣ የባጃጅ ጎማ እየነፋ። "ፊት ፊት የምትመራቸው ያንተዋ ልጅ ናት።"

"አይቻለሁ።"

ከትምህርት ቤቱ በር ጀምረው ሱቅ ለሱቅ እየገቡ ሲወርዱ ዓይኑን ከእነሱ ላይ አላነሳም። የሰላምና የፀረ ሱስ ክበብ ልጆች ናቸው፤ መምህራቸው ፍሰሐ ከኋላ፣ ሳምራ ከፊት። ይገባሉ፣ ባለሱቁ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እሺ እሺ ይላቸዋል፣ ይወጣሉ። ለተማሪ ሲጋራና ጫት አትሽጡ ነው የሚሉት። ሳምራ ንግግሩን ጓዳ ሆና ስታጠና ሰምቷታል። እሱ ሲገባ ዝም ትላለች።

ይህን የጀመሩት ከመካከላቸው አንዱ፣ ሌዊ፣ ከተጎዳ ወዲህ ነው። ጫት ቅመው፣ ለጨብሲ፣ ምርቃናውን ለመስበር ብለው ጠጥተው የመጡ ልጆች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ጠብ አንስተው በጠርሙስ ስባሪ ክንዱን ቀደዱት። ከመካከላቸው ረጅሙን ልጅ ኸይሩ ያውቀዋል። የዚያን ቀን ዩኒፎርሙ ላይ ሹራብ ደርቦ መጥቶ ጫቱን የገዛው ከእሱ ነው። ሰማያዊው ኮሌታ ከሹራቡ አንገት ብቅ ብሎ ነበር። ኸይሩ አይቶ እንዳላየ ሆነና ሸጠለት። ለማንም አልተናገረም። ሳምራ ግን ያን ጊዜ እዚያው ጥግ ላይ ዘይት እየቀዳች ነበር።

አሁን ምን ሊላቸው ነው? እኔ ጋ ተማሪ አይስተናገድም ይበል? በልጁ ፊት? እኔ ባልሸጥ ሌላው ይሸጣል የሚለውን ደግሞ ለሚስቱ ለዙሀራ ብሏት፣ መልስ እንኳ ሳትሰጠው ተነስታ ሄዳለች። ለእንግዶቹ ብሎ ብስኩት አውጥቶ ባንኮኒው ላይ ደረደረ። ጉቦ መሰለበትና ሰበሰበው። ወጣ፤ ተመልሶ ገባ።

ከአሰፋሽ ሱቅ ወጡ። ቀጥሎ የእሱ ነው።

ሳምራ በሩ ላይ ደረሰች። አንገቷን እንኳ ሳታዞር አለፈች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሌዊ ብቻ፣ ክንዱ በፋሻ ታስሮ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ወደ ውስጥ አየት አድርጎ ሄደ።

ኸይሩ እፎይ የሚልበት ጊዜ ነበር። አልሆነለትም። የገዛ ልጁ እንደማታውቀው ሰው አልፋው ሄደች። እግሩ እየጎተተ በረንዳው ላይ አወጣው።

"መምህር፣ እኔን ዘለላችሁኝ።"

መምህር ፍሰሐ ዞሮ ፈገግ አለ። ከጎጃም ተመድቦ ከመጣ ጀምሮ ስኳር ሳሙናውን የሚገዛው ከዚህ ሱቅ ነው። "ኧረ ጋሽ ኸይሩ፣ እርስዎ ዘንድማ ምን እንሠራለን? 'አባቴ ለተማሪ ሸጦ አያውቅም' ብላ ሳምራ ነግራናለች። እንደ እርስዎ ያለውን ያብዛልን ነው እንጂ።"

ሳምራ የቦርሳዋን ማንገቻ ጠምዝዛ ይዛ መሬት መሬት ታያለች። ይህች ልጅ፣ አበዳሪ ሲመጣ "አባባ የለም በይ" ሲላት እንኳ ወጥታ "አለ፣ ግን የለም በይ ብሎኛል" የምትል ልጅ ናት።

ዝም ቢል ውሸቱን ተሸክማው ትኖራለች። ቢናገር በጓደኞቿ ፊት ያዋርዳታል። ከዲሮ ጎማውን ትቶ ቀና ብሏል፤ አሰፋሽም በሯ ላይ ወጥታለች።

"እሸጣለሁ" አለ ኸይሩ።

"ምን አሉ?"

"ሲጋራም ጫትም እሸጣለሁ፣ ለተማሪ። እሷ አታውቅም። እሷ ክፍል እያለች ነው የምሸጠው።" ወደ ሌዊ ዞረ። "ለዚያ ልጅ ያን ቀን የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ተማሪ መሆኑን አውቄ ነው።"

ሌዊ በደህናው እጁ ፋሻውን ደገፍ አደረገና አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ሳምራ ቀና ብላ አባቷን አየችው። እሷ አታውቅም ማለቱ ውሸት እንደሆነ ከሁለቱ በስተቀር እዚያ የቆመ ማንም አያውቅም። ዓይኑን ቀድሞ የሰበረው እሱ ነው።

"እንግዲህ ለሌላው የምትሉትን ለእኔም በሉኝ" አለ።

"ሌላ ልጅ ይናገር?" አላት መምህር ፍሰሐ ዝቅ ባለ ድምፅ።

"አይ፣ እኔ እናገራለሁ።"

ወደ በረንዳው ተጠጋች። "የተከበሩ የሱቅ ባለቤት" ብላ ጀመረች። "እርስዎ የሚሸጡት ነገር እኛ ተማሪዎች ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ልንነግርዎ መጥተናል..."

ከተወለደች እርስዎ ብላው አታውቅም። ኸይሩ እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ሰልፍ ላይ እንዳለ ተማሪ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከጭላሎ ተራራ በኩል የመጣው ዝናብ የበረንዳውን ቆርቆሮ መምታት ሲጀምር ሳምራ ድምጿን ከፍ አደረገች።