አረንጓዴዋ መብራት

ከአፍዴራ ጨው የሚያመላልሰው ሾፌር ጭነት መኪናው ላይ ዝገት ይከላከላል የተባለ የኤሌክትሪክ ዕቃ አስገጥሟል። አረንጓዴ መብራቷ አትጠፋም። የጓደኞቹን መኪና ጨው ወንፊት ሲያደርገው፣ የሱ እንደ አዲስ ያብለጨልጫል። ከመንገድ ሲገባ እራቱን በልቶ ለጥ ይላል፤ ሲነሳ ስለ ዕቃው ያወራል። "ሳይንስ ነው እንግዲህ" ይላል።

ዘንድሮ ሚስቱ ለወሊድ እናቷ ቤት ገባች። ብዙም ሳይቆይ የመኪናው ሆድ ዝጎ ይረግፍ ጀመር። ዕቃውን ነቅሎ ሄደና ሻጩ ላይ ጮኸበት። ሻጩ ከባትሪ ጋር አገናኘው፤ መብራቷ በራች።

"ምን ጎደለው?" አለ ሻጩ።

ሾፌሩ ዕቃውን ይዞ ወጣና አራሷን ሊጠይቅ ሄደ። "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ብሎ ሳይጨርስ ሚስቱ ከአልጋዋ ቀና አለች።

"እኔ ከመጣሁ ወዲህ፣ አንተ ስትተኛ መኪናውን ከጨው ማን እያጠበልህ ነው?"