ስንዱ ለከተማው የሰጠችው

በዚያ ከተማ ስደተኛ የመኖሪያ ፈቃድ የሚያገኘው በኅብር በዓል ዕለት መድረክ ላይ ወጥቶ ካገሩ ልማድ አንዱን ሲሰጥ ነው። የተሰጠው ልማድ የከተማው ሰው ሁሉ ይሆናል፤ ከሰጪው ግን እንዳልነበረ ይጠፋል።

ተራዋ ሲደርስ ስንዱ መድረኩ ላይ ወጣች። ባሏ ታፈሰ ከመድረኩ ሥር ሆኖ፣ «እስክስታውን ስጪያቸውና ገላግዪን! እኛ መቼ ጨፍረን እናውቃለን?» አላት።

«እስክስታ አምና ተሰጥቷል» አለ የመድረኩ መሪ። «ሌላ ከሌለዎት ነገ በመጣችሁበት መርከብ ትመለሳላችሁ።»

ስንዱ ከባሏ ጋር የቆመችውን ትንሿን ልጇን ምንታምርን አየቻት። ምን ትስጥ? ልቅሶ? እናቷ የሞተች ዕለት በምን ልታለቅስ ነው? ምርቃትስ? ልጇን ስትድር ምን ልትላት ነው? ሕዝቡ ማጉረምረም ሲጀምር አፏ ላይ የመጣላትን ተናገረች።

«ጉርሻ።»

ጭብጨባው ቀለጠ። ወደ ቤት ሲመለሱ በየበረንዳው የማያውቋቸው ሰዎች «በሞቴ! በሞቴ!» እየተባባሉ ይጎራረሳሉ።

«ለጉርሻ ለጉርሻ ምን አለበት! ይኸው ተገላገልን» አለ ታፈሰ፣ ራት ቀርቦ። ለልጁም ጠቅልሎ አጎረሳት።

ምንታምር አላምጣ እንደዋጠች «አንድ ጉርሻ ያጣላል!» አለችና፣ ሁለተኛውን እንደ ወትሮዋ ከእናቷ ለመቀበል አፏን ከፍታ ጠበቀች።

ስንዱ ደነገጠች። የልጇን አገጭ ይዛ ፊቷን ወደ መብራቱ አዞረችው።

«ምነው የኔ እናት፣ ጥርስሽን አመመሽ እንዴ?»