ከኪኒኑ በፊት

ሀብትነሽ አባቷን ደግፋ ወደ ክሊኒኩ ስትገባ፣ በመተማ ዮሐንስ ከእሷ ወዲያ መድኃኒት አዋቂ እንደሌለ ለድሬሰር ይርዳው እየነገረችው ነበር። ዓመት ሙሉ፣ ጧት በአንድ ሰዓት፣ ማታ በአንድ ሰዓት፤ አንዲት ደቂቃ ያሳለፈች እንደሆነ ጸጉሯን ይላጯት። ድሬሰሩ፣ ዘንድሮ አምስተኛ ክፍል የወደቀ ሁሉ ዶክተር ሆኗል አለና የአባቷን ክንድ በጎማ አሰረው።

አባቷ ዘሩ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ነበር። ኩላሊቱ ሲከዳው ካርቱም ያለው ታላቅ ወንድሙ የራሱን አንዱን ሰጠውና ተረፈ። ታዲያ ሰውነቱ ያን የወንድም ኩላሊት እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠፋው በየቀኑ ኪኒን ይውጣል። ኪኒኑ ቢያንስ ሰውነቱ ኩላሊቱን ይበላዋል፤ ቢበዛ ኪኒኑ ራሱ ይበላዋል። ደሙ ውስጥ ስንት እንዳለ የሚለካው ካርቱም ብቻ ነው። ሰሞኑን ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጥ ጀምሯል፤ ውሃ ሲጠጣ ጣሳው ከጥርሱ ጋር ይጋጫል። እስከ መስከረም የሚበቃ ኪኒን በቆርቆሮ አለ፤ አሁን ስንት ስንት መዋጥ እንዳለበት የሚያውቅ ግን የለም።

ከነጋዴ በቀር ሰው ድንበሩን እንዳይሻገር ከተከለከለ ሰነባብቷል። ደም ግን የቀበሌ ማለፊያ አይጠየቅም። የገዳሪፏ ነጋዴ መጂዳ ደሙን ወደ ካርቱም ልታደርስ፣ በረዶ የሞላበት ፔርሙዝ አቅፋ ደጅ ቆማለች፤ ሎሪዋ ሞተሩን አላጠፋም። ከድንበሩ ማዶ በገላባት በኩል የሰኔው ደመና ጠቁሯል። አንዴ ከዘነበ ያ ጥቁር አፈር እስከ መስከረም ጎማ አያሳልፍም።

ይርዳው መርፌውን ሊያስገባ ሲል እንዲያው ለወጉ ያህል፣ ምንም አልቀመሱም አይደል አያ ዘሩ፣ ብሎ ጠየቀ።

“እህል ውሃ የሚባል በአፉ አልዞረም” አለች ሀብትነሽ ቀድማ። “የሐዋርያት ጾም አይደል? እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል። ኪኒኑን ብቻ ነው በአንድ ሰዓት ያስዋጥኩት።”

መርፌው አየር ላይ ቀረ።

“ትናንት ምን ብዬሽ ነበር?”

“ሳይቀምስ ይምጣ ነው ያሉኝ። መድኃኒት ጾም አይሽርም፤ መምሬ ፈንቴ ናቸው የፈቀዱልን።”

“ስለ ጾም ማን ጠየቀሽ?”

ይርዳው ጎማውን ፈታ። የሚፈለገው የትናንት ማታው ኪኒን ሌሊቱን አድሮ ደሙ ውስጥ የተረፈው ነው፣ አላት። አሁን የጧቱ ደሙ ላይ ተንሳፏል። ካርቱም ያሉት ሐኪሞች መድኃኒቱ ሞልቶ ፈሰሰ ብለው ቀንሱ ይላሉ፤ ሲቀነስ ደግሞ ኩላሊቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ደም ከመላክ አለመላክ ይሻላል።

ሀብትነሽ ጣቷን አጠፈች፣ ዘረጋች። ማታስ? የማታውን ሳይውጥ፣ በአንድ ሰዓት ቢቀዳስ? ይርዳው ይሆናል አለ፤ ወደ በሩ እያየ።

ሮጣ ወጣች። እስከ ማታ ብቻ እንድትቆይላቸው መጂዳን በኢየሱስም በነቢዩም ለመነቻት። ሎሪው ጭቃ ቢይዘው ትገፋለች፤ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ አስከትላ ትገፋለች። መጂዳ ሰማዩን አየች። እኔስ ባዝንላችሁም፣ ባለፈው ክረምት አርባ ቀን መንገድ ላይ ያደርኩት እኔ ነኝ፣ አለቻት። ወዲያው ሞቅ ያለች ትልቅ ጠብታ የፔርሙዙን ክዳን መታችው። መጂዳ ክዳኑን ከፍታ አንድ ድብልብል በረዶ በልጅቱ መዳፍ ላይ አኖረችላትና ሎሪው ላይ ወጣች።

ሀብትነሽ ስትመለስ በረዶው በጣቶቿ መሃል ይንጠባጠብ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ዝናቡ ሲጀምር የሎሪው ድምፅ ወዲያው ጠፋ። አባቷ እጅጌውን እንደ ሰበሰበ ተቀምጧል፤ የጎማው ምልክት ክንዱ ላይ አለ። እግሩ ሥር ቁጢጥ አለች።

“ግድ የለም አባየ፤ እኔ እመጥንልዎታለሁ። እጅዎ ሲንቀጠቀጥ እቀንሳለሁ፣ እግርዎ ሲያብጥ እጨምራለሁ። ዓይኔ ከዶክተር ይበልጥ ያያል።”

ዘሩ እጅጌውን ወደ ታች ጎተተ። ጣቶቹ ቁልፉን ማግኘት አቃታቸው። ልትቆልፍለት እጇን ስትሰድ ክንዱን ሰበሰበ።

“አንቺ የምታውቂው ማጉረስ ብቻ ነው” አላት።