ላላነበበ አይሰጥም

ጣሊያን መተማን በያዘ በሁለተኛው ዓመት ነው። እንግዳው የሚባል መጽሐፍ አዳይ ከሱዳን በኩል አህያ እየነዳ ይመጣ ነበር። ገዳሪፍ ላይ የክርስቲያን ማተሚያ ቤት አለ። እዚያ የታተመውን ወንጌልና ዳዊት ማሽላ ጆንያ ውስጥ ሸሽጎ ድንበር ያሻግራል። አህያዪቱ ከመክሳቷ የተነሳ፣ ከሩቅ ሲያዩዋት ጆንያው እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስል ነበር።

እንግዳው ብር አይቀበልም። ዋጋው አንድ ገጽ አንብቦ ማሳየት ነው።

«ላላነበበ አልሰጥም» ይላል። «አንድ የሚያነብ ካገኘሁ ጎረቤቱ ሁሉ ቃሉን ይሰማል። ለማያነብ ብሰጠው ክታብ አድርጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥልብኛል።»

ጥሩ ነበር፤ ያነበቡት ሰዎች ባይጠፉ።

መጀመሪያ የጸዳለ ባል ዲያቆን አዛናው ጠፋ። መጽሐፉን በተቀበለ በሳምንቱ እንጨት ልፈልጥ ብሎ ወጣ፤ እሱም መጥረቢያውም አልተመለሱም። ቀጥሎ ለሰፈሩ ሰው አቤቱታ የሚጽፈው የአሰበች ባል አገኘሁ ጠፋ። ጣሊያን ፊደል የቆጠረውን እየለቀመ እንደሚረሽን አገር ያውቃል። ሬሳ ባይገኝም ለቅሶ ተቀመጡ።

እንግዳውም ለቅሶ ደረሰ። ዓይኑ ላይ ጠብታ እንባ የለም። ንፍሮውን ግን የአህያዪቱን ረሃብ ጭምር ወክሎ በላው። ከዚያ ወደ ጸዳለ ጠጋ አለ።

«ጸጉርሽን እንዳትላጪ።»

«ምን አልክ?»

«እግርሽ እንዴት ነው? ረጅም መንገድ ትችያለሽ?»

የጸዳለ አፍ መዝጊያ የለውም። ጧት የነገሯት ምስጢር ከሰዓት ገበያ ላይ እንደ ሰሊጥ ይሰፈራል። እንግዳው ገና ከደጃፉ ሳይወጣ ሴቶቹ ሁሉ ሰሙ።

«ባሌን አስበልቶ እኔን ሊጠቀልል!»

«ለእኔም እኮ ‹ጫማ አለሽ ወይ?› ብሎኛል» አለች አሰበች።

«ምን አልሽው?»

«የለኝም አልኩት።»

«አንቺ ደግሞ! እንዲገዛልሽ ነው?»

እንግዳው ከዚያን ቀን ጀምሮ ባንዳ ተባለ። የሚያነበውን ሰው በመጽሐፍ እየለየ ለጣሊያን ይሰጣል ተባለ።

የውባንተ ባል ፈረደ ግን ወሬ የሚሰማበት ጆሮ አልነበረውም። ፈረደ ፊደል አያውቅም። ዳዊትን ግን ከልጅነቱ በቃሉ ይዞታል። ሰው ፊት መጽሐፍ ዘርግቶ ሲወርደው ‹አንባቢው ፈረደ› ይሉታል፤ ያን ጊዜ ደረቱ በበር አይገባም። እንግዳው ዳዊቱን ሲሰጠው ዘረጋና አንበለበለው። እንግዳው በደስታ ዓይኑን ጨፍኖ ስለሚሰማ መጽሐፉ መዘቅዘቁን አላየም። ያየችው ውባንተ ናት።

«አላውቅም በለው!» አለችው በክርኗ እየጎሸመች።

«በሰው ፊት? ሞቼ ነዋ!»

«እኔስ እሱን አይደል የምፈራው!»

እንግዳው መጽሐፉን ሰጥቶ ወደ ፈረደ ጆሮ ጎንበስ አለ። «ሰኞ ተዘጋጅተህ ጠብቀኝ» አለው። ፈረደ ተዝካር ላይ ዳዊት ሊደግም የተጠራ መስሎት ጋቢውን አሳጠበ። ውባንተ እንቅልፍ አጣች።

እሑድ ጧት ጸዳለንና አሰበችን አስከትላ ጣሊያኑ ሻምበል ዘንድ ሄደች። የሚያስተረጉመው ጀይሉ ነው፤ ቀድሞ የጨርቅ ሱቅ የነበረው።

«ንገርልኝ ጀይሉ። ባሌ ፊደል አያውቅም። መጽሐፍ የሚይዘው ዘቅዝቆ ነው። እንግዳው በስህተት ነው የመረጠው።»

ጀይሉ ወደ በሩ አየት አድርጎ ድምጹን ዝቅ አደረገ። «ውባንተ፣ እህቴ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

«ንገረው!»

«ዶሮ ጠፍቶባት ነው የመጣችው ልበለው?»

«ምን ዶሮ አመጣው? አያችሁ፣ ጓደኛውን ሲሸፍን!»

ጸዳለ ወገቧን ይዛ ወደ ፊት ወጣች። «እንግዳው፣ ባለ አህያው! ከገዳሪፍ መጽሐፍ የሚያመጣው!»

ጀይሉ ባይተረጉመውም በር ላይ የቆመው የጣሊያን ወታደር፣ አስካሪው፣ አማርኛ ያውቃል። ሁሉንም ለሻምበሉ ነገረው። ሻምበሉ በተዘቀዘቀው መጽሐፍ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ባልሽ ቤቱ ይቀመጥ አላት። ከዚያ መሳቁን ተወና ሰውየው የት እንዳለ ጠየቀ።

«ሲጠይቅ እንኳ እንግዳውን የማያውቀው ይመስላል» አለች ውባንተ በሹክሹክታ። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ከወንዙ ዳር፣ ዋርካው ሥር አህያዪቱን እያሳረፈ ነው» አለች።

ሰኞ ገበያው መሀል ገመድ ተሰቀለ።

«ጉድ! የራሱን ሰው?» አለች አሰበች።

«ሥራውን ሲጨርስለት ጣለው» አለች ውባንተ።

እንግዳው ገመዱ አንገቱ ላይ ከገባ በኋላ ሕዝቡን በዓይኑ ፈለገ። ጸዳለን አገኛት።

«ጸዳለ! አዛናው…» ብሎ ጀመረ።

የባሏን ስም ከዚያ አፍ ስትሰማ ጸዳለ እልልታዋን ለቀቀችው። ሴቶቹም ተቀበሏት። የቀረውን ማንም አልሰማውም።

ፈረደ አንባቢ አለመሆኑን አገር ስላወቀበት በኀፍረት ከቤት አልወጣም። ውባንተ ግን ባሏ ሕይወቱ ተርፎላት፣ ከገበያ እየዘፈነች ተመለሰች።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ አዛናውና አገኘሁ ገዳሪፍ ማተሚያ ቤት ውስጥ የእጃቸውን ቀለም ታጥበው ደጃፉን ጠረጉ፤ እንግዳው ሚስቶቻቸውን ይዞላቸው የሚመጣበት ቀን ነበር።