የሃብተአብ ዘንባባ

ፊደል ስላልቆጠርኩ ልጄ ሰብሊ የምናገረውን ሁሉ እንደ ተረት ነው የምትሰማው። ካዛንቺስ ቤታችን ሲፈርስ «ዘንባባዬን አንሺልኝ» ብዬ ለመንኳት። «የደረቀ ነገር ነው እማዬ፣ ሌላ እገዛልሻለሁ» ብላ ጥላው መጣች።

ሌላ! ወንድሟን ሃብተአብን ስወልድ ግቢው ሲሚንቶ ብቻ ስለነበር፣ እትብቱን የቀበርኩት ዘንባባው ባለበት የቀለም ባልዲ ውስጥ ነው። ልጄ በሱዳን በኩል ከወጣ አራት ዓመቱ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ሰብሊ እርሟን አውጥታለች። እኔ አላወጣሁም።

ትናንት ከፍርስራሹ መሐል ፈልጌ አገኘሁትና ቂርቆስ እስካለው አዲሱ ቤታችን ተሸክሜው መጣሁ። ዛሬ ጠዋት በረንዳው ላይ ባልዲውን ገለበጥኩ። አዲስ አፈር ላለብሰው የበሰበሰውን ሥር በጣቴ ሳራግፍ፣ ከመሐሉ እትብቱ ብቅ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት የተቀበረ ነገር እርጥብ ነው። ሞቅ ይላል። ያኔ ያሰርኩበት ነጭ ክር እንኳ አልቆሸሸም።

«ሥር ነው እማዬ፣ በቃ ተይው» አለች ሰብሊ፣ ከስልኳ ቀና ሳትል።

«ሥር ላይ ክር ማን ያስራል? ጅል!»

ላሳያት ብዬ ቀስ አድርጌ ሳብኩት። ከአፈሩ ውስጥም መልሶ ሳበኝ። ለቀቅ ሳደርገው ደግሞ ሁለቴ ጎተተኝ፤ ሃብተአብ ልጅ ሳለ ቀሚሴን ይጎትት እንደነበረው። ከዚያ ክሩ በጣቶቼ መሐል ወደ አፈሩ ይገባ ጀመር።

የሰብሊ ስልክ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ምን ትገተሪያለሽ? ነይ ወገቤን ያዥኝ፤ ወንድምሽን እንዳልለቀው!»