የሰኞ ጉብኝት

ልብስ ሰፊዋ ባሏን መጠርጠር የጀመረችው አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ፊቱ ስትቆም ምንም ሳይላት የቀረ ዕለት ነው። ድሮ የአንዲት ቁልፍ ለውጥ እንኳ የማያመልጠው ሰው ነበር።

ባሏ በጥንታዊው ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ አስጎብኚ ነው። ከሰባት መቶ ዓመት በፊት እዚያ ስለኖሩት ነገሥታት እንደ ጎረቤቶቹ ያወራል፤ ሥራውን ከእህል ከውኃ ያስበልጣል። ሰኞ ፍርስራሹ ለጎብኚ ዝግ ነው። እሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ ሰኞ ሰኞ ጠዋት እዚያው ይሄዳል።

«ዕረፍትህ አይደል እንዴ?»

«ትንሽ የምሠራው አለኝ» ይላታል፣ ዓይኗን ሳያይ።

ጋዜጣውንም «አንቺው አንብቢልኝ፣ ድምፅሽ ደስ ይለኛል» ማለት አመጣ። ማባበያ መሰላት። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ግንባሩ አብጦ መጣ።

«በር መታኝ» አለ።

የውሽማህ ባል ነው የመታህ፣ አለች በሆዷ።

ለታናሽ እህቷ አልቅሳ ነገረቻት። እህቷ አንገቷን ደፍታ፣ «እባክሽ እትዬ፣ ጋሼን አትጠርጥሪው» ብቻ አለቻት።

ሰኞ ዕለት ሱቋን ዘግታ ሄደች። የበሩ ጥበቃ ያውቃታልና አስገባት። በፈረሰው ግንብ ተከልላ ስታይ፣ ባሏ ጣሪያ በሌለው የዙፋን አዳራሽ ውስጥ ከአንዲት ሴት ጋር ክንድ ለክንድ ተያይዟል። ጥቂት ሄደው ይቆማሉ፤ ተመልሰው ያንኑ መንገድ ይጀምራሉ። ሴትዮዋ ጆሮው ሥር ስታንሾካሹክ እሱ ይስቃል።

ሲዞሩ ፊቷን አየችው። እህቷ ናት።

ክው አለች። በእጇ ያሳደገቻት፣ የሠርግ ቀሚሷን ሳይቀር የሰፋችላት እህቷ! ያን ሁሉ እንባዋን ተቀምጣ ያየችው!

ከግንቡ ወጥታ ጠጠሩን እየረገጠች ፊታቸው ተገተረች። እህቷ እንዳየቻት በድን ሆነች። ባሏ ምንም አልደነገጠም። ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ፣ ለእንግዳ የሚያሳየውን ፈገግታ አሳያት።

«እንኳን ደህና መጡ! ዛሬ እንኳ ዝግ ነው፤ ነገ ቢመለሱ በደንብ አስጎበኝዎታለሁ።»

የአሥራ ስምንት ዓመት ሚስቱን አንቱ አላት! ከዚህ በላይ ምን ክህደት አለ? በጥፊ ልትለው እጇን ሰነዘረችና መሀል ላይ ገታችው። እሱ ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም።

«እትዬ ናት፣ ጋሼ» አለች እህቷ።

ፈገግታው ጠፋ። እጁን ወደፊት ዘርግቶ ባዶውን አየር ዳበሰ።

«የት ጋ ነሽ?»