ቀለም ያልነካው ዓሣ

ዘውዲና ታናሿ ዊንታ የሟች አባታቸውን ዕቃ ሲካፈሉ፣ በመጨረሻ ሁለት የቆዩ የባሕር ዓሣ ሥዕሎች ቀሩ። ሁለቱም ከአንድ የተቀረጸ የመዳብ ሰሌዳ የታተሙ ናቸው፤ አንዱ በእጅ ቀለም የተቀባ፣ ሌላው ቀለም ያልነካው። ዕጣ ተጣለ፤ የተቀባው ለዘውዲ ወጣ። እሷም እንዳይምታታ ብላ በየሥዕሉ ግርጌ የባለቤቱን ስም በእርሳስ ጻፈች። ዊንታም «ይሁንልሽ» ብላ ስማት ሄደች።

በሳምንቱ፣ አትላስ ሰፈር ባለው የዘውዲ ሳሎን የዓሣው ክንፍ ቢጫነቱን አጣ። በሁለተኛው ሳምንት የጀርባው ሰማያዊ ጠፋ። በሦስተኛው ጥቁር መስመር ብቻ ቀረ። ዘውዲ ደሟ ፈልቶ ቦሌ አራብሳ፣ ዊንታ ቤት ድረስ ሄደች። የዊንታ ዓሣ ግድግዳው ላይ ቢጫና ሰማያዊ ሆኖ ያበራል።

«የቤቴን ቁልፍ የሰጠሁሽ እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ! ቀየርሽብኝ አይደል?»

«የአባዬ አጥንት ይፋረደኝ፣ አልነካሁትም» አለች ዊንታ፣ ዓይኗን በጨው አጥባ። «ግርጌውን እዪዋ።»

ግርጌው ላይ፣ በዘውዲ በራሷ የእጅ ጽሑፍ፣ «ዊንታ» ይላል።

«አይዞሽ ዘውዲዬ» ብላ ዊንታ እጇን ያዘቻት።

ዘውዲ ጠዋት የተቀባችው ቀይ የጥፍር ቀለም ጥፍሮቿ ላይ የለም። ቅድም ባዶ የነበሩት የዊንታ ጥፍሮች ቀልተዋል። ዊንታም አይታዋለች። እጇን ግን አልለቀቀችም።